«ሌሴ» የሚለው ግስ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ባለው የፈረንሳይኛ ክፍላችን «ሌሴ» የሚለውን ግስ ተማርን። መተውም፣ መፍቀድም፣ ትቶ መሄድም እሱው ነው። ለእኔ አዲስ አይደለም፤ የምሠራላት ማዳም አራት ዓመት ሙሉ ስትለኝ ኖራለች። ሥጋውን ተይው፣ ልጁ ይተኛ ተይው፣ በሩን ክፍት ተይው። አስተማሪያችን ጋሽ ታደሰ «‹እኔ› ብለሽ ጀምሪና ተናገሪው» ሲሉኝ ግን አፌ ላይ የመጣው ያው «ተይው» ብቻ ነው። አጠገቤ የሚቀመጡት ሴቶችም ሰው ቤት ነው የሚሠሩት፤ እነሱም ከትእዛዝ ሌላ አያውቁትም። በ«እኔ» የሚጀምር አንድ ዐረፍተ ነገር ለቅዳሜ ጽፋችሁ ኑ ተባልን።

ቤት ስገባ ማዳም ነገ እንግዳ እንዳለባት ነገረችኝ። «የዓርብ ዕረፍትሽን ተይው» አለች። እሺ አልኳት። ከዚያ ደብተሬን አውጥቼ የቤት ሥራዬን በፈረንሳይኛ ጻፍኩ፦ «እኔ ዕረፍቴን እተዋለሁ።» ስህተት ያለበት አይመስለኝም።