ቀሪዎች የተከሉት ደን

ግንቦት 18 ቀን 2007 ዓ.ም
ቆሰበር

ለተከበሩ አቶ አሳምነው ቢሻው
የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብንና አንድ ካርድ መጠየቅን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድመን እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ በቢሮዎ መስኮት ላይ የቆመው ዋንጫና በግራ እጅዎ ያሰሩት ሰዓት በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ያለንን ጽኑ እምነት እየገለጽን፣ እኛም የ12ኛ «ለ» ክፍል ተመራቂ ተማሪዎች፣ ከአንዲት ጓደኛችን በቀር፣ ደህና መሆናችንን በታላቅ ትሕትና እናስታውቃለን።

እያንዳንዱ ተመራቂ ክፍል ካለፉት አራት ዓመታት የማይረሳውን ነገር ጠቅሶ ምስጋናውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ባለፈው ሳምንት በሰልፍ ላይ ያስተላለፉትን መመሪያ በደስታ ተቀብለናል። ጽሑፋችንን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍነው እርስዎን ለመድፈር እንዳልሆነ ይረዱልናል ብለን እናምናለን፤ ቢሮዎ ለተማሪ የሚከፈተው ሐሙስ ከሰዓት ብቻ ስለሆነና ጓደኛችን ስሜነሽ አየነው ላለፉት ሁለት ሐሙሶች በሩ ላይ ቆማ ቆማ ስለተመለሰች፣ ሰሌዳው ከቢሮዎ ይልቅ ቅርብ ሆኖ ስላገኘነው ብቻ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ አንባቢ ባጭሩ ለማስረዳት ያህል፣ የስሜነሽ የአገር አቀፍ ፈተና መግቢያ ካርድ ከሁላችንም ካርድ ጋር መጥቶ በእርስዎ መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። ፈተናው የፊታችን ሰኞ ይጀምራል። ካርዱ ያልተሰጣት በዚህ ዓመት ሠላሳ ስምንት ቀን ከትምህርት ቀርታለች ተብሎ ሲሆን፣ በትምህርት ቤታችን ደንብ መሠረት ከሠላሳ ቀን በላይ የቀረ ተማሪ አይፈተንም። አባቷ አቶ አየነው ባለፈው የገበያ ቀን በእኔ በጸሐፊው አባት ሱቅ ገብተው ተቀምጠው ነበር። እናቷ ከታመመች ወዲህ ቤቱ ያለ ሴት እጅ መዋሉን፣ ዘንድሮ ካልተፈተነች የሚቀጥለው ዓመት የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ለትዳር የሚጠይቋት ሰዎችም እንዳሉ ተናግረው፣ አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ ያልተፈተነ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ አባቴን ጠየቁት። አባቴ ስኳር መመዘኑን ቀጠለ።

ይህን ደብዳቤ በክፍሉ ስም የምጽፈው እኔ የክፍሉ አለቃ መርዋን ኑርሁሴን ነኝ። የተመረጥኩት የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ነው ተብሏል። ለመመረጤ ሌላም ምክንያት አለ፣ እሱን እየቆየሁ እናዘዛለሁ። አሁን ወደ ምስጋናችን ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ ሰዓትዎ እናመሰግናለን። ዋናው በር የሚዘጋው በእርስዎ ሰዓት አቆጣጠር ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ይህ ሰዓት ከቀረው የአዊ ዞን ሕዝብ ሰዓት ስምንት ደቂቃ ይቀድማል። የበሩ ጥበቃ ጋሽ ክንዴ አንድ ቀን ስልካቸውን አውጥተው ገና ስምንት ደቂቃ እንደሚቀር በአክብሮት ቢያሳዩዎት፣ ትምህርት ቤት በኔትወርክ እንደማይመራ አስረድተዋቸዋል። ቤታችን ከበሩ ፊት ለፊት ነው። ደወሉ ሲደወል ሻዬን ጨርሼ አስፋልቱን እሻገራለሁ፤ በአራት ዓመት አንድም ቀን አርፍጄ ስለማላውቅ አምና በወላጆች ቀን የሰዓት አክባሪነት ሽልማት ከእጅዎ ተቀብያለሁ። ስሜነሽ የምትመጣው ከዘንገና ሐይቅ ባሻገር፣ ውኃ ቀድታ፣ እናቷን አጥባና አብልታ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ በጭጋግና በጭቃ በእግሯ ተጉዛ ነው። ጎህ ሳይቀድ የተነሣችው እሷ አርፋጅ፣ ፀሐይ ሞቆኝ የተነሣሁት እኔ ሰዓት አክባሪ ሆነን አራት ዓመት አለፈ። ያን ሽልማት እናቴ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች፤ ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቅጣቱ። ሌሎች ትምህርት ቤቶች ያረፈደ ተማሪ ሲያንበረክኩ ወይም ወደ ቤቱ ሲመልሱ፣ እርስዎ በአስተዋይነትዎ ዶማ እንዲሰጠው አዘዙ። እኛ ዘጠነኛ ክፍል በገባንበት በ2004 ዓ.ም ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ተዳፋት ከብት እንኳ የማይቆምበት ድንጋያማ መሬት ነበር። ያረፈደ ሁሉ እዚያ እየወጣ ጉድጓድ ሲቆፍር፣ ከሰል የሚሠራበትን ያንን አገሬው ሁሉ የሚተክለውን የደከረንስ ዛፍ ሲተክል፣ ሲያርም፣ ከምንጩ ውኃ እያመላለሰ ሲያጠጣ እስከ ዕረፍት ይቆያል። እውነቱን ለመናገር እኛ የከተማ ልጆች በመስኮት እያየን እንስቅ ነበር። ከእኛ አንዱ አልፎ አልፎ አርፍዶ ወደዚያ ሲላክ ግን ችግኙን ከነላስቲኩ ሲቀብር ስሜነሽ ትደርስበትና፣ በአውንግኛ የሆነ ነገር ብላ የገጠሮቹን ልጆች በሙሉ ካሳቀችበት በኋላ፣ ላስቲኩን ቀድዳ እንዴት ሥሩን ሳይጎዱ እንደሚተክሉ ታሳየዋለች። ምን እንዳለች ጠይቀን አታውቅም፣ መልካም ነገር እንዳልነበረ ግን እንጠረጥራለን። ዛሬ ያ ተዳፋት ደን ሆኗል፣ ከሐምሌ ንፋስም ጣራችንን ያድነዋል።

ሦስተኛ፣ ስለ ፕላዝማው። የፕላዝማው አስተማሪ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ሆኖ የእኛን ጥያቄ እንደማይሰማ ዘጠነኛ ክፍል እንደገባን ተረድተን እጃችንን ማውጣት ትተናል፤ ቢሮዎም በዚሁ መንገድ እንደሚሠራ ለመረዳት ግን አራት ዓመት ፈጅቶብናል።

አራተኛ፣ ስለ ስም መጥሪያው መዝገብ፣ እናዘዛለሁ ያልኩትም ስለዚሁ ነው። ስም የሚጠራው በቀን አንዴ፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነው። የምቀመጠው መስኮቱ አጠገብ ነው። ስሜነሽ አየነው የሚለው ስም ሲጠራ ቀና ብዬ አያታለሁ፤ ከመስኮቱ ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ትቆፍራለች። ከዚያ እጄ «ቀሪ» ብሎ ይጽፋል። መጀመሪያ ሰሞን እዚያው ግቢ ውስጥ እንዳለች ለመምህሩ ተናግሬ ነበር፤ መምህሩም ከክፍል ውጭ ያለ ሰው የትም ቢሆን ቀሪ ነው የሚል ትእዛዝ ከእርስዎ መውረዱን ነገሩኝ። እኔም ታዛዥ ልጅ ስለሆንኩ ዘንድሮ ብቻ ሠላሳ ስድስት ጊዜ እንዲሁ ጻፍኩ። የቀሩትን ሁለት ቀናት እውነት ቀርታለች፤ እናቷን ዳንግላ ሐኪም ቤት ወስዳ ነበር። ይህች ቀሪ ልጅ በዕረፍት ሰዓት ደብተሬን እየተዋሰች ዛፎቹ ሥር ታነብ ነበር። ደብተሩን የጻፍኩት እኔ ከክፍሉ አምስተኛ ወጣሁ፣ የተዋሰችው እሷ ሁለተኛ ወጣች። የአንድ ለአምስት ቡድናችን መሪም እሷ ናት፤ ሒሳብ ያስረዳችን እሷ ናት፤ በዞን ደረጃ አርአያ የተባለውም ይኸው በቀሪ ሰው የተመራ ቡድን ነው።

አምስተኛ፣ ስለ ዋንጫው የምናቀርበው ምስጋና ከሁሉም የሚልቅ ስለሆነ ትንሽ እንዲታገሡን እንለምናለን። በሚያዝያ መጨረሻ ትምህርት ቤታችን ለአረንጓዴ ልማት ውድድር ሪፖርት ሲያዘጋጅ፣ ደኑ በተማሪዎች እንጂ በቀን ሠራተኛ እንዳልተተከለ ማስረጃ ይቅረብ የሚል ጥያቄ ከዳኞቹ መጣ። እርስዎም የእጅ ጽሑፌን አስታውሰው አስጠሩኝና የጋሽ ክንዴን ደብተር ሰጡኝ። ጋሽ ክንዴ ዶማው እንዳይጠፋባቸው የተረከበውን ልጅ ስም፣ ቀኑንና የሠራውን ሥራ አንድ በአንድ ይመዘግባሉ። ያንን ዝርዝር በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ፣ ከላዩ ላይ በእርስዎ ቃል «በራሳቸው ተነሣሽነት በፈቃደኝነት የተሳተፉ ተማሪዎች» ብዬ ጻፍኩበት። በዝርዝሩ አንደኛ የወጣችው ስሜነሽ አየነው ነበረች። ዘንድሮ ሠላሳ ስድስት ቀን ሠርታለች። ዋንጫውንም ያገኘነው በዚሁ ሪፖርት ነው።

ክቡር ሆይ፣ ሁለቱም ወረቀቶች በእኔ እጅ የተጻፉ ስለሆኑ ማነጻጸር አልከበደኝም። ጥቅምት 11 ቀን በክፍል መዝገብ ቀሪ ናት፤ በሪፖርቱ ጥቅምት 11 ቀን ስድስት ጉድጓድ ቆፍራለች። ኅዳር 3 ቀሪ ናት፤ ኅዳር 3 አርማለች። ጥር 19 ቀሪ ናት፤ ጥር 19 ከምንጭ ስምንት ጀሪካን ውኃ አመላልሳ አጠጥታለች። ሠላሳ ስድስቱም እንዲሁ ይገጥማሉ። በቀሪዎች ዝርዝር ግርጌ የእርስዎ ፊርማ፣ ቲተርና ክብ ማኅተም አለ፤ በሪፖርቱም ግርጌ ያው ፊርማ፣ ያው ቲተር፣ ያው ክብ ማኅተም አለ። ሁለቱ በተፈረሙባቸው ቀናት መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ቀን ነው።

እዚህ ላይ ትሕትናዬን ይዤ መቆየት እንደከበደኝ አልደብቅዎትም። ተናድጃለሁ። በእርስዎ ብቻ አይደለም፣ ያየሁትን ትቶ የታዘዝኩትን በጻፈው በራሴ እጅም ተናድጃለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ሰማንያ ሦስት ነበርን፣ ዛሬ አርባ ስድስት ነን። የጠፉት ሁሉ በአንድ ቀን አልጠፉም፤ መጀመሪያ አረፈዱ፣ ከዚያ ዶማ ያዙ፣ ከዚያ በመዝገብ ቀሪ ሆኑ፣ በመጨረሻም የምር ቀሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የመምህሩ ድምፅ እየጠፋብን አብረን የዘፈንናቸው፣ በአንድ ጃንጥላ ሦስት ሆነን እስከ መናኸሪያ የሸኘናቸው ልጆች ናቸው። ለእነሱ አንድም ቀን አልጻፍኩም። ስሜነሽ ግን ገና አልሄደችም፣ ሰኞም ገና አልደረሰም።

ስለዚህ ክፍላችን ከእርስዎ የሚፈልገው ምሕረት አይደለም፣ ደንቡም እንዲሻርላት አንጠይቅም። የምንለምንዎት ከሁለቱ ፊርማዎችዎ አንዱን እንዲመርጡልን ብቻ ነው። ስሜነሽ በእነዚያ ቀናት ቀርታ ከነበረ፣ ያልነበረች ልጅ የተከለችው ደን ስለማይኖር ዋንጫውን ለሰጡት ሰዎች በክብር ይመልሱልን፤ ተሸክመን የምናደርሰው እኛ ነን። ነበረች ካሉ ደግሞ የቀረችው ሁለት ቀን ብቻ ነውና መሳቢያዎን ይክፈቱ። አንዲት ልጅ በአንድ ቀን ለዋንጫ ተገኝታ ለፈተና ልትቀር የምትችልበትን መንገድ አርባ አምስታችን ተቀምጠን ፈልገን አጥተናል፤ የሒሳብ መሪያችንን ልንጠይቃት ብንልም ካርዷን ፍለጋ በር ላይ ቆማ ስለነበር አላገኘናትም።

በአራት ዓመት ውስጥ ስላስተማሩን ነገር ሁሉ፣ በተለይም አንድ ወረቀት በደንብ ከተጻፈና ማኅተም ካረፈበት ዓይን ያየውን ሊሽር እንደሚችል ስላሳዩን፣ ያለንን የማይናወጥ አክብሮት ዝቅ ብለን እየገለጽን፣ በቀሪው የሥራ ዘመንዎ ሰዓትዎ እንዳይቆምብዎ፣ ማኅተምዎም ቀለም እንዳይነጥፍበት ከልብ እንመኛለን።

የእርስዎ ታዛዥ፣
መርዋን ኑርሁሴን
የ12ኛ «ለ» ክፍል አለቃ፣ በአርባ አምስት የክፍል ጓደኞቹ ስም
(የሁሉም ፊርማ ከጀርባው ይገኛል)

ግልባጭ፦
ለአቶ አየነው፣ ዘንገና
ለጋሽ ክንዴ፣ ዋናው በር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቅዳሜ በሚደረገው የስንብት በዓል፣ ዋንጫውን የሸለሙን እንግዶች በተገኙበት፣ ደኑ እንዴት እንደተተከለ አስር ደቂቃ ንግግር የሚያደርግ አንድ ተማሪ እንድንመርጥ ባዘዙን መሠረት ክፍላችን ዛሬ ጠዋት በሙሉ ድምፅ ስሜነሽ አየነውን መርጧል። የጋሽ ክንዴን ደብተር ይዛ ትቀርባለች። ካርዷ እስከ ዓርብ ከደረሳት ግን ለሰኞ ማጥናት ስላለባት ለንግግር ጊዜ እንደማይኖራት አሳውቃናለች፤ ያን ጊዜ እሷን ተክቼ የምናገረው እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ሰው ፊት ስቆም የማወራው እንደሚጠፋብኝ እርስዎም ያውቃሉ።