ለቱንቢ ያልተጻፈው የክብር ቃል

ጥር 4፣ ሰኞ

ይህን ማስታወሻ የጀመርሁበት ምክንያት አጭር ነው፤ ሁለት የክብር ቃል እንድጽፍ ተመድቤአለሁ፣ ብዕሬ ግን ዝጓል። ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሰው ጽሑፍ ሳርም እውላለሁ። የራሴን አንድ ዓረፍተ ነገር ቀጥ አድርጎ ማቆም ግን... እስክፍታታ ድረስ እዚህ እለማመዳለሁ።

ዛሬ የተለየ ነገር የለም። የመማሪያ መጽሐፍ ማረም። ምሳ ከልብ ወለድ ጋር። ከሥራ መልስ የታላቅ ወንድሜ የጋሼ ሱቅ።

ጥር 5፣ ማክሰኞ

የክብር ቃሉ ለማን? ላልተወለዱ ሰዎች! ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባስረዳ እንዴት እላለሁ?

አሥራ ሁለት የሠፈራችን ሰዎች የየራሳቸው የቤዝቦል ቡድን አላቸው። ተጫዋቾቹ ያሉት ግን ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ነው። እዚያው ያድጋሉ፣ ክንዳቸው ይዝላል፣ ጡረታ ይወጣሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ታላቅ ወንድሜ በኤሌክትሮኒክስ መጠገኛ ሱቁ ውስጥ ቁልፉን ይጫናል። ማን ወረወረ፣ ማን በዱላው መታ፣ ማን አሸነፈ... ማሽኑ ይወስናል። እኔ ባረቀቅሁት ደንብ ውስጥ በቀይ የተጻፈ አንድ አንቀጽ አለ፦ «የመጀመሪያው ውጤት የመጨረሻው ነው።»

የክብር አዳራሻችን የሚባለው ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ግድግዳ ነው፤ ከፈራረሱት ቴሌቪዥኖች በላይ። በዓመት አንድ ወርዋሪ ብቻ ይመረጥና ስሙ ይሰቀላል፤ የክብር ቃል የምንለው ከምርጫው በፊት ለየዕጩው የሚነበበውን ውዳሴ ነው። ዘንድሮ ዕጩዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ የአባባ ነው። አባባ ግንበኛ ነበር፤ ኳሱ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ፣ ግድግዳ በሚያቀናበት ገመድ ስም «ቱንቢ» ብሎታል። ሌላው የልብስ ሰፊዋ የእትዬ ነው፤ «መርፌ»። መርፌ ለምርጫ ሲቀርብ ይህ ሦስተኛው ነው፤ ደንቡም ከሦስት በላይ አይፈቅድም። ዘንድሮ ካልገባ መቼም አይገባም።

ግን ማን ይመርጠዋል? የዛሬ ሦስት ዓመት በዋንጫው ጨዋታ ቱንቢ ገጥሞት፣ ከመርፌ ቡድን አንድም ሰው የቱንቢን ኳስ ሳይመታ ቀረ። መርፌ በዚያው ጡረታ ወጣ።

ጥር 7፣ ሐሙስ

«ጋሼ፣ የዋንጫውን ጨዋታ ዝርዝር ስጠኝ። የመጨረሻውን መቺ በክብር ቃሉ ላነሣው ነው።»

«ምን ይሠራልሻል? ማንም አልመታበትም በይና አራት ነጥብ አድርጊበት።»

«ሰዓቱንም እፈልገዋለሁ።»

«አንቺስ ዳኛ እንጂ አራሚ አይደለሽም!» ሣቀ። ግን መበየጃውን አንሥቶ፣ በይዶ የጨረሰውን ሽቦ እንደገና በየደው። ለምን?

ጥር 9፣ ቅዳሜ

የዛሬው ጨዋታ አልቆ አባላቱ ሲሄዱ ጋሼ በሩን ገርበብ አደረገና ነገረኝ።

«በዋንጫው ቀን ጠዋት አባባን ወደ ቀዶ ጥገና ሲገፉት እጄን ያዘኝ። 'ልጄ እንዴት ሆነ?' አለኝ። ቱንቢን ማለቱ ነው። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል... 'አሸነፈ' አልኩት። በዚያ ቢበቃኝ ምን ነበረበት! 'አንድ ሰው እንኳ አልመታበትም' ብዬ ጨመርኩበት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ሁለቱም ደርሶብኛል።»

መላጣውን ዳበሰ። አልሣቅሁም።

«ከዚያስ?»

«ከሰዓት በኋላ መጥቼ ቁልፉን ተጫንኩ። መርፌ ሦስት ለአንድ አሸነፈ።»

«ከዚያስ፣ ጋሼ?»

«ደገምኩት። ቱንቢ አሸነፈ፣ ግን ሁለት ሰው መታበት። አባባ ከነቃ ዝርዝሩን አሳየኝ ማለቱ አይቀርም... እስኪሆን ድረስ ተጫንኩት።»

«ሰው አላየህም?»

«በአባባ ሕመም የተነሣ የዚያን ቀን ማንም አልመጣ። ውጤቱን በስልክ ላክሁላቸው።»

አንድ ውሸት እውነት እንዲሆን፣ ዕጣው እስኪታዘዝለት ድረስ ጣለው። ክፋት የለበትም። የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው፤ ክፋት ቢኖርበት እንዴት በቀለለኝ!

ስወጣ ከኋላዬ፦ «ብትናገሪ አባባን ትገድዪዋለሽ።»

ጥር 10፣ እሑድ

አንድ ቃል አልጻፍሁም።

ጥር 13፣ ረቡዕ

ስለ መርፌ ልጠይቃቸው እትዬ ጋ ሄድሁ።

«ግቢ እቴ፣ ክሩን እንዳትረግጪብኝ። ስለ መርፌ ምን ልበልሽ? ባሌ እንኳ እንደሱ ታዝዞኝ አያውቅም!» ሣቁ። ከዚያ የያዙትን ቀሚስ ጭናቸው ላይ አሳረፉት። «'በዋንጫው ቀን የከሸፈው' ነው የሚሉት። ቀሚስ ሙሉ ሰፍተሽ፣ ደንበኛዋ አንዲት የላላች ቁልፍ ብቻ እንደምታየው ማለት ነው።»

«ቅር ብሎዎታል?»

«አላለኝም ብዬ አልዋሽሽም። ለአባትሽ ግን ደስ ይበለው። ሰው ከሞት አፍ ሲመለስ አንድ ደስታ አይነፈግም።»

አመስግኜ ወጣሁ። የማውቀውን ይዤ፣ ዓይናቸውን እያየሁ... በምን ከጋሼ ተሻልሁ?

ጥር 16፣ ቅዳሜ

ጠዋት። አባባ ምርኩዙን ጭኑ ላይ አጋድሞ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል።

«እስቲ የቱንቢን አንብቢልኝ።»

«ገና አልጻፍሁትም።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ልንገርሽና አስገቢበት። እስኪነበብ ድረስ ግን ለወንድምሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። ቀዶ ጥገና የገባሁት እንዲህ በጠዋት ነበር። 'ቱንቢ አሸነፈ' አለኝ። ቁልፉ የሚጫነው መቼ ነው?»

«ከሰዓት በኋላ።»

«አየሽ! ውሸቱን መሆኑን ያኔውኑ ዐውቄዋለሁ። ልጄ ሊያጽናናኝ ዋሸኝ ብዬ፣ ውሸቱን ታቅፌ ደስ እያለኝ ገባሁ። ስነቃ ግን... እንዳለው ሆኖ አገኘሁት! አንድ ሰው አልመታም! ይህን ተአምር ካላልሽው ምን ትዪዋለሽ?»

ቀና ብዬ ላየው አልቻልሁም። ግንበኛ ነው፤ ስንጥቅ ከሩቅ ይታየዋል።

«ስንቴ ተጫነው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«እስኪሆን ድረስ።»

ሣቀ። ደረቱን ደግፎ ሣቀ፣ ከዚያ ሣቁ እንደ ኩራዝ ጠፋ። «የመጀመሪያውን ማን ነበር ያሸነፈው?»

«መርፌ።»

«ታዲያ ያቺ ሴት ሦስት ዓመት ሙሉ...» አልጨረሰውም። ዓይኑ ረጥቧል። ተአምሩን ነጠቅሁት? ምንስ ተካሁለት?

ምርኩዙን ከጭኑ አነሣና፦ «ግድግዳው ጠመመ ተብሎ ቱንቢ አይታጠፍም። የጠመመውን አፍርሶ መገንባት ነው። የእኔን ሰው ከዕጩነት አውጡት። ወንድምሽን ግን እንዳትጮሂበት። ለእኔ ብሎ ነው የዋሸው።»

ጥር 18፣ ሰኞ

የመርፌን የክብር ቃል አንዴ እንደተቀመጥሁ ጨረስሁ። የቱንቢ ወረቀት ባዶ ነው፤ ባዶነቱ አሁን አያስፈራኝም። ቱንቢን እናፍቀዋለሁ ግን... ሰው ያልኖረን ሰው ይናፍቃል?

ጋሼ ሱቁ ውስጥ አልነበረም። ይህን ጽፌ መበየጃው ሥር አኖርሁለት፦

«ጋሼ፤ አባባ ያውቃል፤ አልሞተም። በአንተም አልተቆጣም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። የመጀመሪያውን ውጤት መልስ። ከአባላቱ ሁሉ አስቀድመህ ለእትዬ በራስህ አንደበት ንገራቸው፣ ልብስ መስፊያቸው ድረስ ሄደህ። አባባ አብሬው እሄዳለሁ ብሏል፤ ደረጃው ላይ ክንድህን ስጠው። ምርጫው ቅዳሜ ስለሆነ፣ እስከ ዓርብ ጥር 22 ቀን፣ እትዬ ሱቃቸውን ሳይዘጉ ይሁን።»