የውሃ ልኩ ሌላኛው ጫፍ

ታኅሣሥ 9።

ትናንት የሐጂ ሰይድን የሩዝ መጋዘን ወለል አፈረስነው።

አንተዬ፣ ይኼን ያስቀደምሁት ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ነው። ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ዘንድሮ የጎርፉ ውሃ መንገዱን ሳይሻገር ተመለሰ፤ ሩዙ ጥሩ ነው። ልጃችን አንበሳሜ ጤና ጣቢያ ተቀጥራ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ላሚቱ ወልዳለች። ሳሎኑን ኖራ አስቀባሁት። ደህና ነኝ፤ እንቅልፍም ይወስደኛል።

የግንባታ ድርጅታችን ግን ሊዘጋ ነበር። ከቀብርህ በኋላ ባልንጀራህ ሙላው፣ "በእጃችን ያለውን እንጨርስና ይብቃን" አለኝ። አልተከራከርሁትም። ዘንድሮ በእጃችን የቀረው የሐጂ መጋዘን ብቻ ነበር።

ጦርነቱ ባለቀ በዓመቱ እዚሁ ወረታ የቀን ሥራ ላይ ስትገናኙ ትዝ ይልሃል? አንተ የተበተነው ሠራዊት ወታደር፣ እሱ አሸንፎ የገባው ታጋይ። እኔ ድንጋይ በባሬላ እሸከም ነበር። አንድ ተራራ ላይ ፊትና ጀርባ ሆናችሁ ስትታኮሱ እንደከረማችሁ ስታወሩ ሰማሁና፣ አሁን ሊገዳደሉ ነው ብዬ ባሬላውን አስቀመጥሁ። እናንተ ግን የተጨቃጨቃችሁት የማን ምሽግ የተሻለ እንደነበር ነው። በሳምንቱ አብራችሁ ሥራ መያዝ ጀመራችሁ።

የመጀመሪያው ሥራችሁ የባለሱቋ የወይዘሮ ዘሐራ ቤት ነበር። ግድግዳው ክንድ ተኩል ይወፍራል። መስኮቶቹ ጠባብ ሆነው ከሰው ራስ በላይ ወጥተዋል፤ ሦስቱም ወደ መንገድ ያያሉ። ወይዘሮ ዘሐራ ገብታ ዞር ዞር አለችና፣ "ከማን ጋር ልዋጋ ነው? በዚህ ቀዳዳ ጠመንጃ እንጂ ብርሃን አይገባም" አለች። ያኔ ቤት ማለት ለእናንተ ምሽግ ነበር፤ ሌላ ነገር ሠርታችሁ አታውቁም። ግድግዳውን ከፍታችሁ መስኮቶቹን እሷ ባሳየቻችሁ ቦታ አደረጋችሁ።

ከዚያ ወዲያ ቁልፍ ከማስረከባችሁ በፊት ከጠዋት እስከ ማታ ውስጡ ተቀምጣችሁ መዋል ልማዳችሁ ሆነ። ትምህርት ቤት ቢሆን፣ ጤና ኬላ ቢሆን፣ መጋዘን ቢሆን። የሚጨልመውን፣ የሚያፍነውን፣ የሚያፈሰውን ተቀምጦ የዋለ ያገኘዋል ትሉ ነበር። ሰው፣ "ወታደሮቹ ዛሬም ዘብ ናቸው" እያለ ይስቃል። በንግድ ፈቃዱ ላይ ያለውን ስም ማንም አያውቀውም፤ እስከ ዛሬ "የወታደሮቹ ድርጅት" ነን።

ሰኞ ዕለት ሙላው በሐጂ መጋዘን ውስጥ ብቻውን ተቀመጠ። ምሳ ይዤለት ስሄድ ሐጂ ሰይድም ደረሱ። "እህቴ፣ ሩዜ አውድማ ላይ ነው" አሉኝ። "እናንተ የሞተ ሰው ሥርዓት ስትጠብቁ ጤዛ ሊጨርስብኝ ነው ወይ?"

ሙላው አንድ ባልዲ ውሃ አንሥቶ ወለሉ መሐል ደፋው። ውሃው ወደ በሩ መፍሰስ ሲገባው ወደ ኋላው ግድግዳ፣ ጆንያው ወደሚደረደርበት ሄደ።

ምክንያቱን አወቅሁ። ውሃ ልክ የምትይዙበትን ረጅም ጎማ ታስታውሳለህ፤ ውሃ ተሞልቶ አንዱን ጫፍ አንተ፣ አንዱን እሱ። ካንተ በኋላ ያንተን ጫፍ ለማንም አልሰጥም ብሎ ችካል ላይ ያስረው ነበር። ችካሉ ዋልካው አፈር ውስጥ ሰርጎ ልኩን አዛብቶታል።

ሐጂ ጣሪያውን እያዩ ነበር። "ማሻአላህ፣ አምሯል። በል ቁልፉን" አሉ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ዝም አልሁ። ልንዘጋ ነው፤ ማን ይጠይቀናል ብዬ አሰብሁ። ሙላው ግን ተነሣ።

"ሐጂ፣ ወለሉ ተበላሽቷል። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አራት ቀን ይስጡኝ።"

ሐጂ ውሃውን አዩት። ይቆጣሉ ስል፣ "እሱ ቢኖር እኮ ስምንት ቀን ነበር የሚለምነኝ" አሉና ሩዙ ወንድማቸው ቤት እንዲገባ ስልክ ደወሉ። ሳቅሁብህ።

ዛሬ ጠዋት ሙላው የጎማውን ሌላኛውን ጫፍ ወደ እኔ ዘረጋው። "ያዥ፤ እንዳታወዛውዢው" አለኝ። ጫፉን ዝቅ አድርጌ ውሃውን አፈሰስሁት። "ይኼን ሁሉ ዓመት ምሳ ስታመላልሺ ምን ስታዪ ነበር?" ብሎ ተቆጣኝ። ደግመን ለካን፤ ሦስተኛው ላይ የበሩ በኩል ልክ መጣ። ጎማውን እየጠቀለለ፣ "አጥሯል። ለሚቀጥለው ሥራ ረዘም ያለ እንገዛለን" አለ።

"ይብቃን" ያለኝ እኮ እሱ ራሱ ነበር።

ተዝካርህን በጊዜው አውጥቻለሁ። ከእንግዲህ ቁልፍ በምናስረክብበት ቀን ሁሉ ከሙላው አጠገብ ተቀምጬ እውላለሁ፤ ያ ቀን ያንተ መታሰቢያ ይሁን፣ አላስታጉለውም።

ይኼን የምጽፍልህ ሲሚንቶ መሸጫው ደጅ ነው። ጋሪው ገና ግማሹ እንኳ አልተጫነም፣ ሙላው ግን አሁን ደውሎ፣ "የኋላውን ጥግ ልንለካ ነው፣ ሴትዮ የት ቀረሽ?" ይላል። እዚያ ጎማ የሚይዝለት ስድስት ሠራተኛ አለው። ሲሚንቶውን ባለጋሪው ያምጣው፤ እኔ ሄድሁ።