ሁለት ጣት የሚያስገባ አፍ

ማክሰኞ፣ የካቲት 6
ዛሬም ሁለት ጣት ብቻ ነው የሚገባው። ከዚያ በላይ ልክፈት ስል ጆሮዬ ሥር ቀጭ ይልና መንጋጋዬ ይቆለፋል። ክፍል ውስጥ በሹክሹክታ አስተማርኩ። ተማሪዎቹ የደባርቅ ብርድ መትቷት ነው ይላሉ። ይበሉ።

የሚያስፈራኝ የዓርቡ ስብሰባ ነው። ባለፈው የቀበሌ ስብሰባ መፈክር ሲባል አፌን እንዳልከፈትኩ ሊቀመንበሩ አይተዋል። ስንወጣ «ጓድ አስተማሪ፣ ድምፅሽን ለማን አስቀምጠሽው ነው?» አሉኝ። ሳቅሁ። መሳቁም አመመኝ።

ረቡዕ፣ 7
ክሊኒክ ሄድኩ። ድሬሰሩ አፌን በባትሪ አየ። የታች ጥርሶቼ ከላዮቹ ወጣ ያሉ ናቸው፤ በስተግራ ጨርሶ አይገናኙም። «ይኸው፣ በሩ ተጣሞ ማጠፊያው እንዴት ደህና ይሆናል?» አለ ደስ ብሎት። ሁለት ጥርስ ከነቀለልኝ ሕመሙ እንደሚለቀኝ፣ ለቀበሌውም ወረቀት እንደሚጽፍልኝ ነገረኝ።

ጤነኛ ጥርሶች ናቸው። ግን ያበጠ ጉንጭ ይዤ ስብሰባው ብገባ ማን ይጠራጠረኛል? ይህን ማሰቤን እዚህ ልጻፈው። አፍሬአለሁ። መጀመሪያ ጎንደር ደርሼ ልምጣ አልኩት።

ሐሙስ፣ 8
ዳባት ላይ ፍተሻ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጎማ ፈነዳ። መንገዱን ሁሉ መንጋጋዬን በእጄ ደግፌ።

የጎንደሩ የጥርስ ሐኪም ሽማግሌ ናቸው። ጣታቸውን ጆሮዬ ፊት አሳርፈው ክፈቺ፣ ዝጊ አሉኝ። ጥርሱ መቼ ተጣመመ? ከልጅነቴ። ሕመሙስ? ከጥር ወዲህ።

«ሃያ ዓመት ዝም ያለ ጥርስ ዛሬ ምን አድርጎ ነው የሚነቀለው?»

ጥርሱ የማይገጥም ሁሉ መንጋጋው አይታመምም፤ ጥርሱ ልክ የሆነም ተቆልፎበት ይመጣል አሉኝ። ጥርስሽን አጥብቀሽ ትነክሻለሽ ወይ ሲሉኝ፣ ኧረ የለም አልኩ።

«አሁንስ?»

ነክሼ ነበር።

ጥር ላይ ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ከጎኔ የምትቀመጠውን መምህርት ታጣቂዎች ከመምህራን ክፍል ወሰዷት። ስሟን እዚህም አልጽፍም።

ትእዛዛቸው፦ ለስላሳ ምግብ፣ በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ፣ ከንፈር ገጥሞ ጥርስ ተለያይቶ። ቆሎ የለም። ወረቀቱ ላይ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም ብለው ጻፉ፤ ለሦስት ሳምንት እንዳትጮኽ። የሚታይ ነገር ግን የለኝም።

ዓርብ፣ 9
ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከኋላ አንዱ፣ ተማሪ ስትቆጣ አይቆለፍባትም አለ። ተሳቀ።

«እጅሽስ ይሠራል?» አሉኝ ሊቀመንበሩ።

«ይሠራል።»

«እንግዲያው አንሺ።»

ሁሉም ሲጮኽ ግራ እጄን ከማንም በላይ አነሣሁ። ጥርሶቼ ተነካክተው አገኘኋቸው። አለያየኋቸው። አንድ ጥርስ አልጎደለም። ወረቀቱን ግን ሊቀመንበሩ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። መልሱልኝ አላልኩም።