ለአያ ገነነ የሰጠሁት ብር

ለውድ ወንድሜ ላቀው፤

እንደምን አለህልኝ? ጤናህስ እንዴት ነው? አምና ክረምት የጀመረህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ሌሊቱን ያስነጋሃል? ባለቤትህ ህይወት እንደምን አለች? ትንሹ ቴዎፍሎስስ ድክ ድክ ማለት ጀመረ? የጅማ ዝናብ እንደኛው በርትቶ ይሆን? እኛ በነፍስ አለን። ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነን ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ግን ውሸት ሆነብኝና ተውሁት።

እምዬ ዐይኗ እንዳሰብነው አልሆነላትም። አሁን ጥላ ብቻ ነው የምታየው። በር በተንኳኳ ቁጥር ‹‹ላቀው ነው?›› ትላለች። አለመሆንህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ስምህን መጥራት ደስ ስለሚላት ነው። የስልኩ መስመር ከጠፋ ስለሰነበተ ይህን ወረቀት ወደ አንተ አገር ለሚያልፍ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ነው የምሰጠው። መንገዱ ከተከፈተለት ይደርስሃል።

ባለፈው ወር በሰው በላክኸው ቃል ‹‹ለየሻሽወርቅ በየወሩ ብር ይሰጣታል ሲሉ ሰማሁ፤ ታዲያ የአባታችን መሬት ስለ ምን ጦሙን አደረ?›› ብለሃል። ቃሉ ትንሽ ቆረጠኝ፤ ግን መብትህ ነው። ከሌላ አፍ ከምትሰማው ከእኔው ስማው።

አምና የካቲት ላይ የአንድ ርዳታ ድርጅት ሰዎች ወደ ቀበሌው መጥተው ስብሰባ ጠሩ። ስንዴ አናድልም፣ ዘይት አናድልም፤ ብሩን በእጃችሁ እንሰጣችኋለን፣ የሚበጃችሁን እናንተው ታውቃላችሁ አሉ። ለአንድ ዓመት ብቻ መሆኑንም ተናገሩ። ከጎጣችን ዘጠኝ ቤት ተመረጠ። ባሏ የሞተባት፣ ዐይኗ የደከመ እናት የምትጦር፣ በሬ የሌላት ብለው እኔን ጻፉኝ። ጎረቤታችን አያ ገነነ አልተጻፈም፤ ሁለት በሬ አለው ተባለ። ስድስት ልጅ እንዳለው ማን ይጠይቃል!

ብሩ ክፉ ነበር ብዬ አምላክን አላስቀይምም። ከጎረቤት ጨው ሳልለምን ወር ወጣ። እምዬን ፍኖተ ሰላም ድረስ ወስጄ አሳከምኋት፤ የዐይኗ ነገር ባይሆንም የሆዷ ሕመም ታገሠላት። ልጄ ያምሮት ጫማና ደብተር አገኘች። አንዲት በግም ገዛሁ። ቡሬ ገበያ ዋጋ ጠይቃ ዝም ብላ የምትመለሰው ሴትዮ ተከራክራ የምትገዛ ሆነች። ኮራሁ፣ ላቀው። ጥፋቴም የመጣው ከዚያው ነው።

ባለቤቴ ቢያዝን ከሞተ ጀምሮ መሬቱን የሚያርስልኝ አያ ገነነ እንደነበር ታውቃለህ። ሰኔ ሲመጣ አምስት ስድስት ጥማድ በሬ አስተባብሮ በደቦ ይገባልኛል። እኔ ጠላ እጠምቃለሁ፣ ያለኝን ወጥ አቀርባለሁ፤ በልተው ጠጥተው መርቀውኝ ይሄዳሉ። እነዚያን ዓመታት ሁሉ በዚያች ቀን አንገቴን ደፍቼ ነበር የማስተናግዳቸው። ሁልጊዜ ተረጅ መሆን እንዴት እንደሚከብድ አንተ አታውቀውም፤ አንተ ወንድ ነህ፣ የሰውን ጉልበት በጉልበትህ ትመልሳለህ።

አምና ታዲያ በልተው ሲጨርሱ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ብር በመሐረብ ቋጥሬ ተነሣሁና ለአያ ገነነ በሁለት እጄ አቀረብሁለት። ‹‹እንግዲህ በነጻ አላደክምህም›› አልሁት። ደስ የሚለው መስሎኝ! መሐረቡን ፈትቶ አየና መልሶ ቋጠረው። እኔ ሞኟ ያነሰበት መሰለኝና ጓዳ ገብቼ ጨምሬ መጣሁ።

ይህን ጊዜ ሁሉንም መደቡ ላይ አስቀመጠና ‹‹የሻሽ፣ የቢያዝንን መቃብር የቆፈርሁበትንስ መቼ ልትከፍይኝ ነው?›› አለኝ። ዱላውን አንሥቶ ወጣ። ሌሎቹም አንድ ባንድ ተከተሉት፤ የመረቀኝ የለም። ወዲያ ማዶ ያለው አለበል ብቻ ወደኋላ ቀረና ‹‹እሱ ካልፈለገው ቀሪውን እርሻ በዚህ ዋጋ እኔ እጨርስልሻለሁ›› አለኝ። ምን ምርጫ አለኝ? እሺ አልሁት። ወጥቶ ዋጋውን ለአገር ተናገረ።

ከዚያ ወዲያ ‹‹የሻሽ ትከፍላለች›› ተባለ። ለአረም ወንፈል ብጠራ ዝር ያለ ሰው የለም። አስካለ ማርያም እንኳ፣ ያቺ አብራኝ ያደገችው፣ ‹‹ብር ያለው ሰው ወንፈል አይጠራም፣ የቀን ሠራተኛ ይቀጥራል›› ብላ ላከችብኝ። እሷም ሳትጻፍ ከቀሩት ናት፤ አልፈርድባትም። ለአረሙ ከፈልሁ፣ ለአጨዳው ከፈልሁ፣ ለውቂያውም ከፈልሁ። ድሮ በአንድ እንስራ ጠላ ያልፍ የነበረው ሁሉ ዋጋ ወጣለት። ብሩ እጄ ላይ ሳይሞቅ አለቀ።

ዘንድሮ የካቲት ዓመቱ ሞላና ርዳታው ቆመ። ቀድመው የነገሩን ነው፤ አልዋሹንም። አመሰገንን፣ አጨበጨብን፣ ፎቶ አነሡንና ሄዱ። ዝናቡ ሲጥል የሰው ማሳ ሁለት ሦስቴ ተገለበጠ፤ የአባታችን መሬት ግን ሣር አበቀለ። በጊቱን ሸጥሁ፤ ለዘርና ለማዳበሪያ እንኳ አልበቃችም።

በሰኔ ሚካኤል የንስሐ አባታችንን ይዤ፣ ድንጋይ በትከሻዬ ተሸክሜ፣ አያ ገነነ ደጅ ቆምሁ። ሲያየኝ ሮጦ መጥቶ ድንጋዩን አወረደልኝና አቅፎ ሳመኝ። ‹‹ድሮም አልተቀየምሁሽም፤ አዝኜብሽ ነበር እንጂ›› አለኝ። ሁለታችንም አለቀስን። አባም ‹‹እግዚአብሔር ይፍታችሁ›› ብለው ባረኩን። ተመስገን፣ መሬቱ ሊታረስልኝ ነው ብዬ ልነሣ ስል አያ ገነነ አቀርቅሮ የጥማዱን የቀን ዋጋ ነገረኝ። ‹‹አትቀየሚኝ የሻሽ። አሁን በሬ ለሌለው ሁሉም በብር ነው የሚያርሰው። እኔም ልጆቼን የማበላው አጣሁ›› አለኝ። ብሩን ያለመድሁት እኔው ነኝ። ይቅርታውም የእውነት ነበር፣ ዋጋውም የእውነት ነበር።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልነግርህ ፈርቼ የዞርሁበት ይህ ነው። መሬቱን ለሦስት ዓመት ለአለበል በኮንትራት ሰጠሁት። ሽማግሌ ፊት ፈረምሁ። የአንተ ድርሻ እንዳለበት አውቃለሁ፤ ሳልጠይቅህ ማድረጌ ያንገበግበኛል። ግን ስልክ የለ፣ ክረምቱ አይጠብቅ፣ ለእምዬ የሚላስ የሚቀመስ የለ። ብር ልላክልሽ እንዳትለኝ። ብርማ አለኝ፤ አለበል ከፍሎኛል።

ማክሰኞ ዕለት ታረሰ። ጠዋት የጅራፍ ድምፅ ሰምቼ ብወጣ አለበል ሰባት ጥማድ አሰልፎ በደቦ ገብቷል። ከፊት የሚሄዱት የአያ ገነነ በሬዎች ናቸው። አለበልን ዋጋ የጠየቀው የለም፤ እሱ በሬ ለበሬ ይመልሳል። አያ ገነነ አይቶኝ ፊቱን አዞረ። አጥር ተደግፌ እስኪጨርሱ አየኋቸው። እምዬ ከመደቧ ሆና ሆታውን ሰምታ ኖሮ ስገባ ፊቷ በርቶ ጠበቀኝ። ‹‹ደቦው ዘንድሮም መጣልሽ ልጄ? ተመስገን! ለሰዎቹ ጠላ አለሽ ወይ?›› አለችኝ። ‹‹አለኝ፣ እምዬ›› አልኋት።

ህይወትን እንደ እኅቴ ሳምልኝ። ቴዎፍሎስን አክስትህ ሳታይህ ማደግህ ነው ወይ በልልኝ። ያምሮት ጉልበትህን ትስማለች። እምዬ የላከችልህ ምርቃት ብዙ ነው፤ መሬትህን ይባርክልህ የሚልም አለበት። ያንተን ደብዳቤ ያምሮት ጮክ ብላ ነው የምታነብላት፤ ስለ መሬቱ የምትፈርድብኝን በሌላ ወረቀት ለብቻ ጻፍልኝ።

እኅትህ የሻሽወርቅ
ከቡሬ ገጠር፣ ምዕራብ ጎጃም
ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.