እጅ ነው አልኩ

ለልጄ እናት፣

እንዴት ከርመሻል? የሞያሌ ሙቀትስ እንዴት አድርጎሻል? ወገብሽ እንደተሻለሽ ከልጃችን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። እኔም እዚያው ዊንጌት፣ ጎሚስታ ቤቴ ውስጥ ጎማ ስለጥፍ እውላለሁ። ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን ራሴን አውቀዋለሁ፤ ወሬው ሲከብደኝ ኔትወርክ አስቸገረኝ ብዬ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ልጃችን ርሆቦት ከጓደኞቿ ጋር የወረዳውን የሴቶች እግር ኳስ ዋንጫ ማንሳቷን ነግራሻለች። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ግን እንዳልነገረችሽ አውቃለሁ። አሠልጣኛቸው መምህር ዮፍታሔ የታሪክ አስተማሪ ነው። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት የስኮትላንድን ዋንጫ የበላ የአንዲት ትንሽ መንደር ክለብ፣ የእንግሊዝን ዋንጫ የበላውን ክለብ ጠርቶ አራት ለአንድ እንደረታውና «የዓለም ሻምፒዮን» ብሎ በክለቡ ቤት ላይ እንደጻፈ አጫወታቸው። ማንንም አላስፈቀዱም አላቸው። መንደሩ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ሠራተኞች መንደር ነበር ሲላቸው ደግሞ፣ ግማሾቹ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጆች አይደሉ? «እኛስ ከማን እናንሳለን?» ብለው ተነሡ። አንቺ ካለሽበት ድንበሩን ተሻግሮ፣ በኬንያው ሞያሌ ዋንጫ ለበላው የሴቶች ቡድን ጻፉ። እነዚያም እንመጣለን አሉ።

ስምምነታቸው አሸናፊው አሸናፊነቱን በተሸናፊው ሜዳ ያስመስክር የሚል ነበር። ጉለሌ ካሸነፈ ሞያሌ ይሄዳል፤ ከተሸነፈ ግን እዚሁ ያበቃል። ሞያሌ የሚለው ስም ሲጠራ የልጅሽን ፊት ባየሽው! ሁለት ወር ሙሉ ጎህ ሳይቀድ እየተነሣች ሮጠች። ለዋንጫ ብላ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ዮፍታሔ ደግሞ በጥንቱ ደንብ ካልተጫወታችሁ አለ። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ክለብ የራሱን ዳኛ ይዞ ይመጣ ነበር አሉ፤ የመሀል ሰው የሚፈርደው ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። ድሮ ኳስ ተጫዋች ነበርኩና የጉለሌ ዳኛ እኔ ሆንኩ። የእንግዶቹ ዳኛ አንዲት አስተማሪ ነበረች።

ቅዳሜ ዕለት ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቷል። አንድ ለአንድ እንደሆኑ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ከማዕዘን የተሻማውን ኳስ ርሆቦት ዘልላ ከመረብ አገናኘችው። ጉለሌ አበደ። አስተማሪዋን ጠየቋት፤ ግብ ጠባቂዋ ከልላኝ አላየሁም አለች። የመሀል ዳኛው ወደ እኔ ዞረና «አንተስ?» አለኝ። እኔ ቅርብ ነበርኩ። ኳሱ የገባው በክንዷ ተገፍቶ ነው። ርሆቦት ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እናቷን ለማየት ስንት እንደደከመች እያወቅሁ «እጅ ነው» አልኩ።

ወዲያው እንግዶቹ አገቡና ተሸነፍን። ሰፈሩ ያለኝን አልጽፍልሽም። እኔ ግን እውነት መስክሬያለሁ ብዬ፣ አልደብቅሽም፣ ደረቴን ነፍቼ ነው ቤቴ የገባሁት።

ርሆቦት ማሊያዋን ሳታወልቅ ተከትላኝ ገባች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። «አባዬ፣ እውነትህን ነው፣ እጅ ነው» አለችኝ። «ለእማዬ ግን ለምን አልመሰከርክላትም? ያን ጊዜም እኮ እጅ ነበር።»

ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ተኝታለች ብለን ነበር።

ስንለያይ ለሽምግልና የተቀመጡት ሦስቱ ሽማግሌዎች «እጅህን አንሥተህባታል?» ሲሉኝ በፍጹም ብዬ ማልኩ። አንቺን ዋሾ አሰኘሁሽ። ልጅቱ ከአባቷ ዘንድ ትደግ፣ ወደ እናቷም አትላክ ያሉት ያን ቃሌን አምነው ነው። እኔም አንድ ጊዜ ነው የመታኋት እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖርኩ። በዚህ ደብዳቤ ላይም «አንድ ጊዜ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ቀድጄ እንደገና ጀመርኩት። ሦስት ጊዜ ነው።

ሰኞ ጎሚስታ ቤቱን ዘግቼ ወጣሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱን፣ ጋሽ ባጫን፣ ሽሮ ሜዳ፣ ጋቢ ከሚሸጡበት ሱቃቸው አገኘኋቸውና ገበያተኛ ፊት ነገርኳቸው። «ዛሬ ምን ሊሠራልን?» አሉኝ። ለልጄ እናት ስም ነው አልኳቸው። ከሱቄ ውጣልኝ አሉኝ፤ ወጣሁ። ሁለተኛው፣ አቶ ዓምሃ፣ ታመው ጳውሎስ ሆስፒታል ተኝተዋል። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ይህን ሳልሰማ ሞቼ ቢሆንስ?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሦስተኛው አርፈዋል፤ ለልጃቸው ለቡርቱካን ነገርኳት። ቀጥሎ የሰፈሩ ዕድር ሲሰበሰብ ቆሜ እናገራለሁ። ብዙ ሰው ተው ብሎኛል። አልተውም።

ይቅር በይኝ ብዬ አላስጨንቅሽም። ሽማግሌዎቹ የፈረዱት በእኔ ቃል ነበር፤ ቃሌን አንሥቻለሁ፣ ፍርዱም ተነሥቷል። ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ ርሆቦት ራሷ ናት። ሐሙስ ማለዳ በአውቶቡስ ትነሣለች። ሳላሽገው የሰጠኋት መንገድ ላይ እንድታነበው ነው። እኔ አብሬያት አልመጣም፤ አንቺ ካልጠራሽኝ በቀር ያለሽበትን ከተማ አልረግጥም።

አንቺንም እሷንም እመቤቴ ማርያም ከክፉ ትሰውራችሁ። ለጉንፋን ቅርብ ናትና ውጪ ካመሸች ደርባ ትልበስ። ጠዋት ቶሎ አትናገርም፤ ተቆጥታ እንዳይመስልሽ። የትምህርት ቤት መሸኛዋን አስጽፌ ከቦርሳዋ የውስጥ ኪስ ከትቼዋለሁ። እሷ አላየችውም። እዚያ ሞያሌ ምዝገባው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው አሉኝ።

የልጅሽ አባት
ከጉለሌ