እናታችን ደብረ ዘይት ትሂድ ወይስ ትቅር

ይድረስ ለእናቴ ልጅ ለአምሳል፤

እንዴት ነሽ? ወገብሽ እንዴት ሰነበተ? ባለፈው ሥራ ላይ አሮጊት ሳነሳ ቀጨም አደረገኝ ያልሽው ለቀቀሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ዋጥ አድርገሽው ነው? ባለቤትሽ አብዮት እንዴት ነው፣ ጨጓራውስ ተወው? ህሩይ ቁመቱ አባቱን ደርሷል ይሉኛል፣ እውነት ነው? ትንሿ ወርቅውሃስ አማርኛውን ይዛለች ወይስ እንደ ወንድሟ በአማርኛ ሰምታ በሆላንድ አፍ ትመልሳለች? ብርዱስ ለቀቃችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ጾሙን ይዘን አለን። ወንድማችን አያ በላቸው እንፍራንዝ ላይ ማሳውን አንድ ጊዜ ገልብጦታል፤ ጉልበቱ ግን እንደ ድሮው አይደለም፣ ከእርሻ ሲመለስ ቁጭ ለማለት ብቻ ግድግዳ ይደገፋል። ሌላውን በየተራው እጽፍልሻለሁ።

ምነው ስልክ እያለ ወረቀት ማለትሽ አይቀርም። ምክንያቱን ስትደርሽበት ታውቂዋለሽ። ልጄ ወንድምአገኝ ዩኒቨርሲቲ አብሮት የሚሠራ ሰው ለትምህርት ወደ አንቺ አገር ስለሚሄድ በእጁ ይሰጥሻል። ጽሑፌ ቀርፋፋ ነውና ታገሺኝ። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ፊደል ልቆጥር ስገባ መምህሩ ስሜን ጠየቀኝና «የትነበርሽ» ስለው «እውነትም እስካሁን የት ነበርሽ?» ብሎ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ አሳቀብኝ። የት እንደነበርኩ አንቺ ታውቂያለሽ። አባታችን ለትምህርት አንዷ ትበቃለች ሲል፣ ታናሽ ስለሆንሽና ስላለቀስሽ አንቺ ሄድሽ። እኔ አላለቀስኩምና ቀረሁ። ይህን የምጽፈው ልወቅስሽ አይደለም። ልወቅስሽ ቢሆንም ጽፌዋለሁ፤ በስክሪብቶ ነውና አይጠፋም።

ሁላችንን ልታገናኚበት ደብረ ዘይት ወደያዝሽው ሆቴል ነገር ልግባ። የላክሽውን ፎቶና ቅጽ ወንድምአገኝ አራዳ ወስዶ በወረቀት አወጣውና «ጸሐፊያችን አንቺ ነሽ» ብሎ ሰጠኝ። እሑድ ዕለት አያ በላቸውና ሚስቱ አበቡ ከእንፍራንዝ መጥተው ስለነበር ሁላችንም አንድ ላይ አየነው። ሐይቁ ሸጋ ነው። ሣሩ የተላጨ ይመስላል። ያ ከፎቅ የሚበልጥ ቧንቧ፣ ሰው ከላይ ገብቶ ከውሃ ጋር ተንሸራቶ ታች ገንዳ ውስጥ ዘፍ የሚልበት፣ አያ በላቸውን አስገረመው። «ከዚህ ለመውደቅ ነው አውሮፕላን ተሳፍረን የምንሄደው? እኛ ዘንድ ገደል ጠፍቶ ነው?» አለ። አበቡ «አንተ ታች ሆነህ ልብሴን ጠብቅ፣ እኔ እወጣለሁ» አለችው። የሚሽከረከሩትን ወንበሮች ሲያይ ደግሞ ሰው ምን በድሎ ነው እንዲህ የሚወቃው ብሎ ጠየቀ።

ቅጹን ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነው የሞላሁት። በየክፍሉ አልጋው አንድ ትልቅ ይሁን ወይስ ሁለት ይላል። አያ በላቸውን ብጠይቀው ፊቱ ተለዋወጠና «ይኼን የሚጠይቀኝ የንስሐ አባቴ ብቻ ነው፣ ሆቴሉን ምን አገባው!» ብሎ ተቆጣ። አበቡ አፏን በነጠላዋ ይዛ «ሁለት በይ እቴ፣ ያንኮራፋል» አለችኝ። ሁለት ብያለሁ። ከዚያ የልጆቹ ቁመት ተጠየቀ። ከመቶ ሃያ ሳንቲሜትር ያነሰ በትልቁ ቧንቧ አይወርድም ይላል። ወንድምአገኝ ልጆቹን መቃኑ ላይ አስደግፎ ለካቸው። አቢ ገና ነው። ሶሊያና ግን ሁለት ጣት ብቻ ጎደላት። ሄዳ ጸጉሯን አናቷ ላይ ጠቅልላ አስራ ተመለሰችና «አሁን ለኩኝ» አለች። እናቷ ዓይናለም ሳቀችባት፤ እኔ አልሳቅሁም። መቶ አሥራ ስምንት፣ እስከዚያ ግን ታድጋለች ብዬ ጻፍኩላት።

በቀኑ ያሳበድሽን አንቺ ነሽ። 16/08 ብለሽ ላክሽ። እኔ ከመስከረም ጀምሬ ወሩን በጣቴ ብቆጥር ስምንተኛው ሚያዝያ ሆነ። ሚያዝያ አሥራ ስድስት የፋሲካ ሳምንት ነው፤ አስባ ነው ለፋሲካ ያደረገችው ብዬ አመሰገንኩሽ። አያ በላቸው በሬዎቹን ለጎረቤት አደራ ሰጠ፣ አበቡ ለመንገድ ብላ ዳቦ ቆሎ ልታዘጋጅ ዱቄት አስፈጨች። ኋላ ዓይናለም ከሥራ ገብታ ስትሰማ ወንበሩ ላይ ተዘርፍጣ ሳቀች። የእነሱ ስምንተኛ ወር የእኛ ነሐሴ ነው፣ ቀኑም ነሐሴ አሥር ነው አለችን። ነሐሴ አሥር ፍልሰታ መሆኑን ረሳሽው? እናታችን በፍልሰታ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ርቃ አታውቅም፣ አንቺም በልጅነትሽ ጧት ጧት አብረሻት ትሄጂ ነበር። ከነሐሴ አሥራ ስድስት ወዲያ አድርጊው። የልጆችሽ ትምህርት ቤት ቀድሞ የሚከፈት ከሆነ ጻፊልኝ። ክረምት ነውና ውሃው ከላይም ከታችም ይሆናል፣ እሱን ችለነዋል።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ቅጹ መጨረሻ ላይ «ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገው እንግዳ ካለ ይገለጽ» ይላል። እዚያ ላይ ስደርስ ንባቤን አቆምኩ። አያ በላቸው መሬት መሬት አየ። እናታችን ከመደቡ ላይ ሆና «ምነው አቆምሽ?» አለችኝ። ጽሑፉ ደብዝዞብኝ ነው አልኳት።

አምሳል፣ እናታችን አታይም። የግራ ዓይኗ ከሦስት ዓመት በፊት፣ የቀኙ ደግሞ አምና በመስቀል ሰሞን ጠፋ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ ቆይቷል፣ አይመለስም አለን። የምንጨምርላት ጠብታ ሕመሙን ነው የሚያስታግሰው። በስልኩ መስኮት ስታዪያት ወደ አንቺ የምታይ ይመስልሽ የነበረው እኔ ከጎን ሆኜ አገጯን ስለማቃናው ነው። አዲሱን መጋረጃሽን ያሳየሽን ቀን ጉልበቷን ነካ ሳደርጋት «ቀለሙ እንዴት ያምራል!» አለችሽ። ደስ ብሎሽ ሳቅሽ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለእማዬ ሐይቁ የሚታይበትን ክፍል ያዝኩላት አልሽ። እሷ መረቀችሽ።

ለሩቅ ሰው ክፉ ወሬ የማንልክ ሰዎች መሆናችንን ታውቂያለሽ። የአባታችንን ሞት ሰባት ወር ደብቀን፣ ሽማግሌ ልከን ነው እዚያው ቤትሽ ያረዳንሽ። ያን ጊዜ ዳግመኛ እንዲህ ብታደርጉኝ ሰው አልላችሁም ብለሽ አስምለሽናል። መሐላውን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። እናታችን አምሳል እንዳትሰማ፣ ሰምታ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች ብላ አስጠነቀቀችኝ፤ እኔም ታዘዝኩ። እውነቱን ልጻፍና፣ ለእሷ ብዬ ብቻ አልነበረም። እዚያ የሰው አሮጊት እየደገፍሽ ስታራምጂ፣ እዚህ ያንቺን እናት ብቻዬን መያዜን ሳታውቂው በመቅረትሽ ውስጤ አንድ ነገር ይረካ ነበር። ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም።

በስልክ ልነግርሽ አልችልም። እሷ ከስልኩ አትለይም፣ ጆሮዋ ደግሞ ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ግድግዳ ያልፋል። በዚህ ቤት የማትደርስበት ነገር ወረቀት ብቻ ነው። ያሰብኩትም እንዲህ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፦ ሆቴሉ ለእሷ አይሆንም፣ ደረጃ አለው፣ ውሃ አለው፣ የማታውቀው ሰው ይበዛበታል። ሌሎቹ ይሂዱ። አብዮት ጎንደር መምጣቱን ፈርቷል፣ አልፈርድበትም፣ መንገዱም ወሬውም እንደምትሰሚው ነው። አንቺ ግን ልጆቹን ከእሱ ጋር ትተሽ በአውሮፕላን ሁለት ቀን ብቅ ብለሽ ቤቷ ተቀምጣ እዪያት።

እዚህ ላይ አቋርጬ ነበር። አሁን የምጽፍልሽ በሦስተኛው ቀን ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ልጨርሰው ስቀመጥ እናታችን «አንቺ ልጅ፣ ወረቀቱ ምን አድርጎሽ ነው እንዲህ የምትቧጥጪው?» አለችኝ። ለአምሳል ስለ ሆቴሉ ነው የምጽፈው አልኳት። «ስለ ሆቴሉ ስትጽፊ ብቻሽን ትስቂ ነበር። አሁን አፍንጫሽን ትስቢያለሽ። ነገርሻት?» አለች። ነገርኳት አልኩ። ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። «ሸጋ አደረግሽ። ስልክ በተደወለ ቁጥር አንገቴን ማቃናት ሰልችቶኝ ነበር» አለች።

እንግዲያው አትሄድም ብዬ ልጻፍላት ወይ አልኳት። ያን ጊዜ ነው የተቆጣችው። «ማን ነው አልሄድም ያለው? ውሃው ይሰማል። ልጆቹ ሲንጫጩ ይሰማል። የወርቅውሃን ፊት በእጄ ዳስሼው አላውቅም፤ ለእሱ ዓይን አያስፈልገኝም። ለመሆኑ ስንት ስም ጽፈሻል?» አለችኝ። ቆጠርኩላት፤ እሷ፣ አያ በላቸው፣ አበቡ፣ ወንድምአገኝ፣ ዓይናለም፣ ሁለቱ ልጆች፣ ሰባት። «አንቺስ?» አለች። ቤቱን ማን ይጠብቃል፣ ዶሮዎቹስ አልኳት።

ቀጥሎ ያለችውን ቃል በቃል ልጻፈው። «በእህትሽ ስታኮርፊ ሃምሳ ዓመት ሊሞላሽ ነው። ያስቀረሽ የእሷ ልቅሶ አይደለም። አባትሽም ሁለታችሁም ብትሄዱ እሺ ይል ነበር። እንጨቱንም ውሃውንም ብቻዬን አልችልም፣ ትልቋን ተውልኝ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። እኔ ማየት ያቆምኩት አምና ነው። አንቺ ግን ዓይን ይዘሽ ከዚህ ግቢ ሌላ ምን አየሽ? ቤቱን ጎረቤት ይጠብቀው።»

ይህን ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። አንቺም እንደማታውቂው እርግጠኛ ነኝ፣ ብታውቂ አንድ ቀን በንዴት ትወረውሪብኝ ነበር። ምን መለስሽላት ትይኝ ይሆናል። ወጥቼ ጊዜያቸው ሳይደርስ ዶሮዎቹን ወደ ቤት ነዳኋቸው። እነሱም ግራ ገባቸው። ስመለስ እጇን ወደ በሩ ዘርግታ አገኘኋት፤ ስንት ሰዓት ዘርግታ እንደቆየች አላውቅም። ያዝኳት። ቂሙ ከልቤ ወጣ ብዬ አልዋሽሽም፣ ሃምሳ ዓመት የተቀመጠ ነገር በአንድ ከሰዓት አይወጣም። አንቺ ላይ ማስቀመጤ ግን ስህተት ነበር። ይቅር በይኝ።

እንግዲህ ስሜን ጨምሬ ስምንት ሆነናል። ለዚያ ለከበደኝ ጥያቄ «አንዲት ዓይነ ስውር እናት አለች» ብዬ በትልልቁ ጽፌያለሁ። ክፍሏን መጀመሪያ ከእኔ ጋር አድርጌው ነበር፤ ሰርዤዋለሁ፣ ካንቺ ጋር ይሁን። ጠብታው ጧትና ማታ ነው። ስትራመድ ክንዷን አትጎትቺ፣ እሷ ትያዝሽ፤ ይህ ሥራሽ ነውና ከእኔ ትበልጫለሽ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ስታገኚያት እንደ ሠለጠነ ሰው እንባሽን ውጠሽ አትቁሚ። አልቅሺ፣ ድምፅሽን ለቀሽ አልቅሺ፤ ዝም ካልሽ የት እንደቆምሽ አታውቅም። ከዚያ በኋላ ሦስቱን ቀን እጇ ያንቺ ነው። እኔ እጄን ባዶ አድርጌ ውሃው ዳር እቀመጣለሁ።

እናታችን እቴነሽ ከእነ ልጆችሽ ትመርቅሻለች፤ መቁጠሪያዋን ሳታስቀምጥ ነው የመረቀችሽ። አያ በላቸው ሰላም ብሎሻል፣ በቧንቧው ካልወረድክ እንዳትሉት ቀድሞ ይለምናል። አበቡ ዱቄቱን ለነሐሴ አቆይቼዋለሁ ብላሻለች። ወንድምአገኝ ጉልበትሽን ይስማል፤ ዓይናለም ሳመችሽ። አቢ ለህሩይ ኳስ ይጫወታል ወይ በይልኝ ብሏል። ሶሊያና ጧት ጧት መቃኑ ላይ እየቆመች ትለካለች። አብዮትን ሰላም በይልኝ፣ ለጨጓራው አብሽ ልኬለታለሁ። ወርቅውሃን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ አያቷ በእጇ ልታያት ስለሆነ እንዳትሸሽ ከአሁኑ ንገሪያት።

እህትሽ የትነበርሽ
ጎንደር፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.